የሃምሳ አለቃ ስንሻው ሰላምታ

ተራራ ላይ ባለ የጦር ሰፈር፣ በሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ፤ ስንቅ የጫኑት መኪኖች ትናንት በጠላት እጅ ወድቀዋል፤ ሻምበል ጎላ መልእክት በቁጥር እየቆለፈ የሚልከውን ሃምሳ አለቃ ስንሻውን ፊት ለፊት ይዞታል።

ሻምበል ጎላ፦ ተነስ ከዚያ ወንበር! ምሽግ ትወርዳለህ ብያለሁ።

ስንሻው፦ ጌታዬ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው?

ሻምበል ጎላ፦ መኪኖቹ በየት በኩል እንዲመጡ ለጠቅላይ ሰፈር የነገርከው አንተ ነህ። ጠላት መንገዱ ላይ አልጋ አንጥፎ ነው የጠበቃቸው!

ስንሻው፦ የእኔን ቁጥር እንኳን ጠላት ሰይጣንም አይፈታውም! ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ እቆጥራለሁ፤ ተራውን በአምስት አባዛለሁ፣ ሰባት እደምራለሁ፣ ለሠላሳ ሦስት አካፍዬ ቀሪውን እልካለሁ።

ሻምበል ጎላ፦ ጎበዝ! መጀመሪያ የምትልከውስ ምንድን ነው?

ስንሻው፦ ሰላምታ ነዋ። «ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።»

ሻምበል ጎላ፦ ሁልጊዜ?

ስንሻው፦ ታዲያስ! አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩዎት? ሰላምታ የእግዜር ነው።

ሻምበል ጎላ፦ ይህን ሰላምታ የማያውቅ ያገር ሰው አለ? ጠላት ሰላምታውን ከቁጥርህ ሥር ደርድሮ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ በነፃ ለቀመው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ።

ስንሻው፦ ሰላም ሳልል «መኪና ላኩ» ልበል? እንደ ቀማኛ?

ሻምበል ጎላ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም! ያንተ ጨዋነት መቶ ሰው ጦሙን አሳደረ።

ስንሻው፦ ቁጥሬ ቢፈታማ ጠቅላይ ሰፈር ዛሬ ጠዋት በዚያው ቁጥር ይመልስልኝ ነበር?

ሻምበል ጎላ፦ መለሰ? ምን ብሎ?

ስንሻው፦ «ረሃቡ እንዴት አደረጋችሁ? አይዟችሁ፣ ሌላ ስንቅ ልከናል። ወንዙ ዳር ነው የሚራገፈው፤ ሁላችሁም ወርዳችሁ ተሸከሙ።»

ሻምበል ጎላ፦ ተመስገን! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?

ስንሻው፦ መቼ አስተነፈሱኝ! ወታደሩ ጆንያውን ይዞ በር ላይ ተሰልፏል፤ የሚጠብቀው የእርስዎን ትእዛዝ ብቻ ነው።

ሻምበል ጎላ፦ ይውረድ በላቸው!

ስንሻው፦ እኔስ ጌታዬ? ምሽግ ልውረድ?

ሻምበል ጎላ፦ ተቀመጥ እባክህ። የራበው ሰው የሚናገረውን አያውቅም… ቆይ። መጀመሪያውን እስቲ ድገምልኝ።

ስንሻው፦ «ረሃቡ እንዴት አደረጋችሁ? አይዟችሁ…»

ሻምበል ጎላ፦ አንድም ሰው ከበር እንዳይወጣ! ስንሻው፣ ጠቅላይ ሰፈር መቼ ነው ርቧችኋል ወይ ብሎን የሚያውቀው?