አራተኛው ቡሎን

ደሴ፣ እሑድ ከሰዓት፣ በአቶ አጥላባቸው ግቢ፤ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው የኋላዎቹ በክሪክ ከተነሡ አሮጌ ፒክአፕ ሥር መካኒኩ ይበልጣል ተጋድሟል፤ አቶ አጥላባቸው መሮና መዶሻ ይዘው አጠገቡ ቁጢጥ ብለዋል።

አጥላባቸው፦ እንካ ይኸን መሮ! አንድ ጊዜ ብታቀምሰው ይፈታል፤ ምን ታባብለዋለህ?

ይበልጣል፦ በመሮ ከመታሁት የቡሎኑ ራስ ይላጣል፣ ጋሽ አጥላባቸው። የተላጠ ቡሎን መያዣ የለውም፤ ያኔ የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ አውርደን ሳንጠግነው ይመሽብናል።

አጥላባቸው፦ ይመሽብናል?! እኔ ቶሎ ብዬ ከዚህ ግቢ ካልወጣሁ ጉድ ሆኛለሁ!

ይበልጣል፦ ምን ገጠመዎት? ስንዱ ስትጠራኝ «አባዬ ቸኩሏል» ብቻ ነው ያለችኝ።

አጥላባቸው፦ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው።

ይበልጣል፦ ታዲያ ሽማግሌ ሲመጣ ሰው ምንጣፍ ያነጥፋል እንጂ መኪና ያስነሳል እንዴ?

አጥላባቸው፦ ስንዱን ሊጠይቁ ነዋ! ባለፈው ሲመጡ ኩታበር ሄዷል አስባልኩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሐይቅ። አሁን «ዛሬም አባወራውን ካጣነው እግራችን ዳግመኛ አይረግጥም» ብለው ልከውብኛል። ዛሬን ካመለጥኩ ተገላገልኩ!

ይበልጣል፦ እንዲህ ነው ነገሩ።

አጥላባቸው፦ ምነው ዓይንህን ታሻለህ?

ይበልጣል፦ ዝገት ዓይኔ ገባ። እስቲ የሽቦ ብሩሹን ያቀብሉኝ።

አጥላባቸው፦ ብሩሽ ደግሞ ለምን? ጥርሱን ልትፍቅለት ነው?

ይበልጣል፦ ዝገቱ ካልተጠረገ መፍቻው በደንብ አይቀመጥም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አይደል የሚባለው? … ውይ! ይኸኛውን ማነው እንዲህ ያኘከው?

አጥላባቸው፦ የቱን?

ይበልጣል፦ አራተኛውን። ሦስቱ ደህና ናቸው፤ የዚህ ግን ጠርዙ ተበልቷል። የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ የታገለው ይመስላል።

አጥላባቸው፦ እንጃ፤ መኪናውን የሸጠልኝ ሰውዬ ይሆናል።

ይበልጣል፦ ሰውዬው ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር? ቁስሉ እኮ ገና ያብረቀርቃል።

አጥላባቸው፦ አንተ መካኒክ ነህ ወይስ መርማሪ? ሥራህን ቀጥል!

ይበልጣል፦ እሺ። የፍሬን ዘይት አጠጣቸውና እንጠብቃለን።

አጥላባቸው፦ እንጠብቃለን?!

ይበልጣል፦ ዘይቱ ጥርሱ ውስጥ እስኪሰርግ ነዋ። ሻይ የሚጠጣበት ያህል።

አጥላባቸው፦ የማን ሻይ? አንተ እንደምትሠራው የሚጠጣ ከሆነማ ሽማግሌዎቹ ልጄን ድረው፣ መልሷንም በልተው ይሄዳሉ!

ይበልጣል፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ቆይ ግን፣ ልጁ ምን ጎድሎት ነው የሚሸሹት?

አጥላባቸው፦ እኔ ምን አውቄ! የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስሙንም እንዳይነግሩኝ ብያለሁ።

ይበልጣል፦ ለምን?

አጥላባቸው፦ ደግ ልጅ ቢሆንስ? ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?

ይበልጣል፦ መጥፎስ ቢሆን?

አጥላባቸው፦ መጥፎ ቢሆንማ ቤቴ ቁጭ ብዬ እምቢ እላለሁ፤ ምን ያስሮጠኛል?

ይበልጣል፦ ስንዱንስ ጠይቀዋታል?

አጥላባቸው፦ እሷን ከጠየቅሁማ አለቀልኝ። ሁለቱ እህቶቿ ሄዱ፤ አንዷ አዳማ፣ አንዷ ሁመራ። በዓመት በዓል ይደውላሉ። «አባዬ ራዲዮኑን ቀንሰው» እያለች የምትጨቀጭቀኝ ይቺ ብቻ ቀርታለች። እሷ ከሄደች ብቻዬን ከራዲዮ ጋር ልጯጯህ ነው?

ይበልጣል፦ ምናልባት ሩቅ አትሄድም ይሆናል።

አጥላባቸው፦ አንተ በምን አወቅህ? ይልቅ ቡሎኑ ዘይቱን ጠጣ አልጠጣም?

ይበልጣል፦ ጠጥቷል። ከሣጥኑ ቡሶላ ያቀብሉኝ፤ እንደ ቆብ ራሱ ላይ የሚደፋውን።

አጥላባቸው፦ ይኸው።

ይበልጣል፦ ይህ ባለ አሥራ ሁለት ጠርዝ ነው። ቡሎኑን በማዕዘኑ ብቻ ቆንጠጥ ያደርግና ጉልበት ሲበዛ ይንሸራተታል። ባለ ስድስቱን ይስጡኝ፤ እሱ ጎኑን ሁሉ ያቅፈዋል።

አጥላባቸው፦ ብለን ብለን ብረትም መተቃቀፍ አስፈለገው!

ይበልጣል፦ በደንብ ያላቀፉት ነገር እሺ አይልም፣ ጋሽ። አሁን ጋቢና ይግቡና የእጅ ፍሬኑን ይያዙልኝ፤ ዘንጉ እንዳይዞር።

አጥላባቸው፦ በገዛ ግቢዬ ረዳት ሆኜ አረፍኩት! ያዝኩ!

ይበልጣል፦ እጀታው ላይ ቧንቧ ልሰካበት፤ ሲረዝም ይቀላል … እህህ! … ጯ አለ! አንዱ ወጣ!

አጥላባቸው፦ ተባረክ! ቀጥል!

ይበልጣል፦ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ዘንጉን ላዙረው። ይያዙ! … ሁለተኛው! ይልቀቁ! ይያዙ!

አጥላባቸው፦ ያዝ ልቀቅ፣ ያዝ ልቀቅ! በዚህ ልፋቴ በእግሬ ሐይቅ እደርስ ነበር!

ይበልጣል፦ ሦስተኛውም ወጣ። የቀረው ያ ሰውዬው የበላው ነው።

አጥላባቸው፦ ሰውዬውን ተወው አልኩህ! በምን ልታወጣው ነው?

ይበልጣል፦ በቁጥር አነስ ያለ ቡሶላ መትቼ አለብሰዋለሁ። ወረድ ብለው መዶሻውን ያቀብሉኝና ይመለሱ።

አጥላባቸው፦ አሃ! ቅድም መዶሻ ነውር ነው ስትል አልነበር?

ይበልጣል፦ ቡሎኑን መምታት ሌላ፣ ቡሶላውን ማልበስ ሌላ። … ገባ! ፍሬን ይያዙ! … እህህ! … ላላ! በቃ፣ የቀረው በጣት ነው።

አጥላባቸው፦ ዝም በል! በሩ ተንኳኳ! መጡ! ወይኔ፣ የት ልግባ?

ይበልጣል፦ ጓዳ ይግቡ።

አጥላባቸው፦ ጓዳ ባለቤቴ አለች፤ እሷ ጎትታ ነው የምታወጣኝ!

ይበልጣል፦ እንግዲያው እዚህ እኔ ጋ፣ ከመኪናው ሥር ይግቡ።

አጥላባቸው፦ አንተ ብልህ ልጅ! ጠጋ በል። … እግሬ ይታያል?

ይበልጣል፦ ሰብሰብ ያድርጉት። እንዲህ ነው! አሁን ይኸን ዘንግ በሁለት እጅዎ ደግፈው ይያዙልኝ። ቡሎኑን ሳወጣው ደረትዎ ላይ እንዳይወድቅ።

አጥላባቸው፦ ይኸው ያዝኩ። … ኧረ ይከብዳል!

ይበልጣል፦ ወጣ! በሉ እንዳይለቁት፤ ሁለቱንም እጅ።

አጥላባቸው፦ አልለቅም፤ አንተስ ወዴት ነው?

ይበልጣል፦ በሩን ልከፍት።

አጥላባቸው፦ ምን?! «የለም፣ ሐይቅ ሄዷል» በላቸው! አንተ ልጅ!

ይበልጣል፦ ግቡ አባቶች፣ ግቡ! ጋሽ አጥላባቸው አሉ፤ እዚህ ከመኪናው ሥር ናቸው። ተነሥተው ባይቀበሏችሁ እንዳትቀየሟቸው፤ እጃቸው ሥራ ይዞ ነው!

አጥላባቸው፦ «በሬ ካራጁ ይውላል» አሉ! አንተ ከሃዲ፣ መጥተህ ይኸን ብረት ተቀበለኝ! ከኔና ከሽማግሌዎቹ መሐል አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?

ይበልጣል፦ ብረቱን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይቀበልዎታል። እኔማ ወደ ውጭ ልውጣ፤ ሽማግሌ የላከ ሰው ሲለመንለት አጠገብ አይቆምም።