ክር የተጠመጠመበት ማዞሪያ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ድሬ ላይ፣ ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ያቀፈ ወጣት ከአንድ ጊታር ጠጋኝ ሽማግሌ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

«ጋሼ፣ የተሰነጠቀውን የድምፅ ማዞሪያ በብረት ይቀይሩልኝ። አይሰበርም።»

«በድሬ ሙቀት? ጣትህን ይጠብስሃል አቦ! ጥርስ ያለውን ወፍራም ፕላስቲክ ውሰድ።»

«አሮጌውን ግን እንዳይጥሉት። አባቴን በላብ እንዳያንሸራትተው ብላ ክር የጠመጠመችበት እናቴ ናት። ይቀየራል ስላት አለቀሰች።»

«አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በባቡር ሠራተኞች ሰርግ ሲጫወት ያ ክር በላቡ ይርስ ነበር።»

«እሷም ይህንኑ ነው የምታወራው።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም? ክሩን ፈትቼ በአዲሱ ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ጥርሱም ይይዝልናል። መጀመሪያ ለእሷ ተጫወትላት።»

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ፣ አምላኬን አመስግኜ፣ ማዞሪያው የወለቀውን የሟች ባለቤቴን ሬዲዮ ላስጠግነው ከቁም ሳጥን አወጣሁ።