ዲፕሎማው ከግድግዳ አይወርድም

— ሄሎ… አዎ፣ ዮአና ነኝ። ደህና ዋሉ እትዬ? … እማዬ ሥራ ላይ ናት። እኔ እበቃለሁ፣ ለእኔ ይንገሩኝ።

ዮአና «እኔ እበቃለሁ» ስትል አንድ እግሯን የሶፋው ክንድ ላይ ሰቅላ ነበር። የደወሉት የእናቷ ታላቅ እህት እትዬ ሸዋነሽ ናቸው፤ ጊቫት ሃሞሬ የሚባለው ሰፈር ያለውን ሳሎናቸውን የዘመድ ሙዚየም ያደረጉ ሴት። ከወታደር ፎቶ እስከ መዋኛ ሰርተፍኬት ያልሰቀሉት የለም። የዮአና እህት የኦዴሊያ የኮሌጅ ዲፕሎማም ከምረቃው ድግስ ማግስት ጀምሮ እዚያው፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ በወርቅማ ፍሬም ተሰቅሏል። እናታቸው ፋብሪካ ስትውል ኦዴሊያን ያሳደጓት እትዬ ስለሆኑ፣ «ይሄ የእኔ ድርሻ ነው» ብለው ሲወስዱት ማንም አፉን አልከፈተም።

አሁን ግን ኦዴሊያ በዚያ የላቦራቶሪ ዲፕሎማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዲግሪ ልትማር ነው። የዩኒቨርሲቲው ማዝኪሩት፣ ማለትም ጽሕፈት ቤቱ፣ ዋናውን ወረቀት እስከ ነገ ቀትር ካላየ ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል። ኮሌጁ ምትክ ለመስጠት አንድ ወር ይፈልጋል። ጠዋት እናታቸው ደውላ ለምናለች፤ መልሱ ይኸው መጣ።

— አይወርድም ማለት ምን ማለት ነው እትዬ? … እሺ። … እሺ። … ድግሱንማ አስታውሳለሁ፣ ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። … አዎ፣ ቄሱም «እንኳን ጨረስሽ» ብለው መርቀዋል። … እና ከወረደ ሰው ምን ይላል? … ተነጠቀች? ማነው እንዲህ የሚለው? … ጎረቤትዎ አለበል? እትዬ፣ አለበል እኮ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ሲጠየቅ «ረዝሟል» ብሎ የመለሰ ሰው ነው።

ኦዴሊያ ከሥራ እንደገባች ነጭ የላቦራቶሪ ጋዋኗን ክንዷ ላይ አጥፋ በሩ ጋ ቆማለች። ዮአና ዓይኗን ወደ ጣሪያው አንከባልላ አሳየቻት።

— በዋትሳፕ ፎቶ አይቀበሉም። … ቢቀበሉስ? ባለፈው የላኩልን ፎቶ ላይ ከዲፕሎማው ይልቅ የእርስዎ አውራ ጣት ነበር የሚታየው።

እትዬ የጨረሰ ሰው ለምን እንደገና ይጀምራል፣ ያ ሁለት ዓመት ውሸት ነበር ወይ ብለው ክርክር ያዙ። ዮአና ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቃሉን እየጎተተች አስረዳች፦ ትምህርቱ አልጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲው ቆጥሮላት ከሁለተኛ ዓመት ያስጀምራታል፤ የቀራትን ሒሳብና ፊዚክስ ጎን ለጎን ትወስዳለች፤ በሦስት ዓመት ዲግሪዋን ትይዛለች።

— የለም፣ አንድ ዓመት አልሰረቋትም። … ወደኋላም አልመለሷትም። … እንዴት ልበልዎት? እዚያ ላቦራቶሪ ናሙናውን የምትመረምረው ኦዴሊያ ናት። ውጤቱ ላይ የሚፈርመው ግን ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ማሽኑ በየት በኩል እንደሚበራ እሷን ነው የሚጠይቃት። … አዎ፣ ይፈርማል። ዲግሪ አለዋ።

ከወዲያ ማዶ ነገሩ ዞሮ ወደ ዮአና ራሷ መጣ።

— እኔን ይተዉኝ። … የእኔ ወረቀት ግድግዳው ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። … ሒሳብ ሃምሳ አምስት ማምጣቴ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የልጅ ልጅዎን የኦረንን የመዋኛ ሰርተፍኬት ሰቅለዋል አይደል? ኦረን እኮ ውሃው ጠለቀ ብሎ ገንዳው ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ነው የዋለው። ወረቀቱን የሰጡት ስለመጣ ነው።

ይህን ስትል ዮአና ደስ አላት፤ ያሸነፈች መሰላት። ኦዴሊያ ግን አልሳቀችም። ይቅር፣ እትዬ ካልፈለጉ እዚያው ሥራዬ ላይ እቆያለሁ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረችና ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ዮአና እግሯን ከሶፋው አወረደች።

— ለማን ነው የምትጽፊው? … ኦዴሊያ፣ ለማዝኪሩቱ ነው? ቆይ፣ አትላኪው። አስቀምጪው አልኩሽ… እትዬ፣ ይሰሙኛል? … የለም፣ አሁን እየቀለድኩ አይደለም። ኦዴሊያ ቀርቻለሁ ብላ ልትጽፍላቸው ነው። … ለምን ይመስልዎታል? እርስዎን ላለማስቀየም ነዋ። ያሳደጉኝ ካልወደዱት ይቅርብኝ ነው የምትለው። … ሄሎ? … ሄሎ፣ አሉ እትዬ?

ዮአና መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ ደቂቃው ይቆጥራል። መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከማዶ አንድ ነገር ወለሉን እየፋቀ ሲጎተት ተሰማት።

— ምንድን ነው የሚጎተተው? … ወንበር ላይ እንዳይወጡ። … እትዬ፣ በዚያ ጉልበት? ስልኩንስ በአንድ እጅ ይዘው… እሺ፣ እሺ፣ ዝም አልኩ። … ወረደ? … ፍሬሙን ይተዉት፣ ወረቀቱን ብቻ… ቤሴደር፣ እሺ፣ ከነፍሬሙ ይሁን። ወርቁን ሲያዩ ያለ ፈተና ያሳልፏት ይሆናል።

እትዬ የማንንም እጅ አላምንም፣ ራሴ በአውቶቡስ ይዤው እወርዳለሁ ብለዋል። ዮአና ይህንን ለእህቷ በዓይኗ ነገረቻት። ኦዴሊያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ፊቷን በነጩ ጋዋን ሸፈነች።

— አታልቅሺ፣ እንባሽን ለፊዚክሱ አስቀምጪው… የለም እትዬ፣ እርስዎን አይደለም። … ምን? … በባዶው ቦታ ምን ይሰቀል? የእኔን ሃምሳ አምስት እንዳይሉኝ ብቻ። … የለም የለም፣ ሚስማሩን አይንቀሉት። … አለበል ከጠየቀ? ቦታው ለሦስት ዓመት ተይዟል ይበሉት። … አዎ፣ እንደዚያው። … እትዬ፣ አሁንም ወንበሩ ላይ ቆመው ነው የሚያወሩኝ? … በሉ መጀመሪያ ይውረዱ። ቻው።