ጋዜጣ ላይ የጠገብን ጊዜ

እንዴት አረፈዱ፣ እትዬ ወርቂቱ? ሱቁ ደህና ነው? እማዬ ጨውና ክብሪት ይዘሽ ነይ ብላኝ ነው። አይቸኩሉ፣ እኔም ብዙ አልቸኩል። ዛሬ ብርዱ እንዴት ነው እቴ… የአቀስታ ብርድ ነው መሰለኝ። ከአቀስታ ሌላው ነገር ሁሉ መምጣት ሲያቅተው ብርዱ ብቻ መንገዱን አወቀው? ብርድ ምን አለበት፣ ደብዳቤ አምጣ አይባል፣ ዝም ብሎ ይገባል።

እዚህ በርዎ ላይ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጌታ አይሰሙንም አይደል? ጋዜጣ እያነበቡ ነው። ዘቅዝቀው ይዘውታል ልበል? ይሁን፣ የተማረ ሰው ከየትም በኩል ያነባል። ደግሞ እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም አልጠራም። ሐረግ ቀልድ ታበዛለች ቢሉኝም የትልቅ ሰው ስም አልጠራም።

እኚያ ሹም ሰውዬ እኮ ለመካነ ሰላም የደከሙትን ማን አወቀላቸው? ባለፈው ጋዜጠኛው በላንድሮቨር ከአዲስ አበባ ሲመጣ ገበያውን እንዴት እንዳሳመሩት አይተዋል። የርስዎንም ባዶ ጆንያ ተውሰው የለ? ሁሉንም ገለባ ሞልተው፣ ከላይ አንዳንድ ጣሳ ገብስ አልብሰው ደረደሩት። ወላሂ፣ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አምሮባት አታውቅ።

የተራበውን ሰው ደግሞ ከመንገድ ሰብስበው ትምህርት ቤቱ ጀርባ አስቀመጡት። ፀሐይ እንዳይመታው ነው… ሆደ ቡቡ ናቸው እኮ።

እዚያ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልናዘዝ። ከወግዲ መጥታ ከኔ ጋር የምትማረውን ፈንታዬን ያውቋት የለ? እናቷም ታናሽ እህቷም እዚያው ጀርባ ነበሩ። ሄጄ ‹‹የመጣው እንግዳ ምርቃት ይወዳል፣ ወጥታችሁ ዱአ አድርጉለት›› አልኳቸው። ወሎዬን ዱአ አድርግ ብለውት እምቢ ይላል? እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አርባ የሚሆን ሰው፣ እየተደጋገፈ ወጣ። የፈንታዬ እናት ከፊት ሆና ስትመርቅ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ‹‹አሚን›› ሲል፣ ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ። እኔ አጥር ሥር ሆኜ በሳቅ ልሞት። እነዚያን ክንዶች ያየ ሰው ገለባውን ትቶ እውነቱን ይጽፋል ብዬ ነዋ። ልጅነት።

ምን ተጻፈ መሰልዎት? መምህራችን ጋሽ ብዙነህ ክፍል ውስጥ አነበበልን። ‹‹የመካነ ሰላም ባላገሮች ስለተትረፈረፈው ምርት ምስጋና ሲያቀርቡ›› ይላል ከፎቶው ሥር። ጋዜጠኛው ምን ያድርግ፣ የኛ ሰው ሲለምን ይሁን ሲያመሰግን ከየት ያውቃል? አጠገቡ የቆሙት ሰውዬ ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ናቸው። አንድ ቃል ሹክ ቢሉት ምን ነበር?

አልተናገሩም ብዬ ደግሞ አልዋሽባቸው፣ ተናግረዋል። ከፎቶው ዝቅ ብሎ ቃላቸው አለ። ‹‹መንገድ ላይ የሚታዩት ርቧቸው አይደለም። የዚህ አገር ሰው በዘሩ ሥራ አይወድም፣ ልመናና መዞር በደሙ ነው።›› በደሙ… ሐኪም እንኳ ደም ለማየት መርፌ ይወጋል። እሳቸው ቆመው በዓይናቸው አዩት። እንዲህ ያለ አዋቂ ይዘን ነው ሐኪም የለንም የምንለው? ግን እትዬ፣ የሳቸው ልጆች ደም ከየት መጣ? እኔ ምን አውቄ፣ እንዲያው መጠየቄ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የሳቸው አፋፍ ላይ አልቀረ፣ አቀስታ ድረስ ሄዶ መኪና አስቆመ። የእርዳታ ስንዴ የጫነው ሾፌር ያንን ጋዜጣ ይዞ ‹‹መካነ ሰላም ጠግቧል ይላል። ተርቧል የሚል ፊርማ ካላመጣችሁ አልነቃነቅም፣ ነገ በጠዋት ወደ ደሴ እመለሳለሁ›› ብሏል አሉ። የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። አንድ መስመር ናት። እሳቸው ግን ቃላቸውን አያጥፉም። ወንድ ማለት እንዲህ ነው። የፈንታዬ ታናሽ እህት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አትናገርም፣ እሷም እንደሳቸው በቃሏ ጸንታ ይሆን?

አዲስ አበባ ደግሞ ያጠፋ ሹም ይጠየቃል የሚሉት ነገር መጥቷል አሉ። እኚህን ምን ብለው ይጠይቋቸዋል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል… እሳቸው ተመስገን ነው፣ ምንም የሚቆጫቸው የለ።

ውይ፣ ጌታው ተነሡ? በኔ ወሬ ነው እንዴ? ይቀመጡ ይበሏቸው እንጂ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው አልኩ እኮ። የሚፈርሙት ነገር ካላቸው እስክሪብቶ አለኝ። የተማሪ ነው፣ ግን ይጽፋል… በወዲያ በኩል ነው የሚሄዱት? ወደ ቤታቸው መሰለኝ። ምሳ ደርሶ ይሆናል።

ጨዉንና ክብሪቱን ይስጡኝና ልሂድ፣ እትዬ። ብቻ ሰው አምተው ሳይመርቁ አይለያዩም፣ አሚን ይበሉኝ። ለኚያ ሰውዬ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቤታቸው ይሙላ። ጋዜጣ ላይ ለኛ የጻፉልንን ጥጋብ፣ ፍሬ ሳይጎድልበት፣ እንዳለ ለልጆቻቸው ያድርግላቸው።