ወይራው የነበረበት

(በከተማዋ ዳርቻ፣ ሊሰፋ በተቀየሰ መንገድ ዳር፣ የወይዘሮ ውድነሽ በረንዳ፤ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሦስት ሱቆች ባለቤትና የእድሩ ጸሐፊ አቶ ደግፌ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል።)

ደግፌ፦ እዚህች ጋ ብቻ ነው፣ እትዬ ውድነሽ። አንድ ፊርማ፣ አለቀ። ቁጭ ብዬ እንኳን አላስቸግርዎትም።

ውድነሽ፦ ቆመህ ማስቸገር ከጀመርክ ሩብ ሰዓት አለፈህ። ምንድን ነው የምፈርመው?

ደግፌ፦ ነገርኩዎት እኮ፣ የመንገዳችን ታሪክ ነው። ቀያሾቹ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ጽፈው ይስጡን አሉ። ሦስት ሰው ይፈርማል። እኔ ፈርሜአለሁ፣ ጋሽ አዱኛ ፈርመዋል፣ እርስዎ ቀሩ።

ውድነሽ፦ አዱኛ? እሑድ እድር ላይ በሟች እናቱ ስም የጠራኝ አዱኛ? የታሪክ ምስክርማ አግኝተሃል!

ደግፌ፦ ፊርማቸው አልጠፋባቸውም።

ውድነሽ፦ እስቲ አንብብልኝ። መነጽሬ መሰበሩን ሰምተሃል።

ደግፌ፦ ሰማሁ፣ በጣም አዘንኩ።

ውድነሽ፦ በማዘንህ ነው መሰለኝ በማግስቱ ወረቀት ይዘህ ከተፍ ያልከው።

ደግፌ፦ ኧረ እትዬ! ላንብበው በቃ። «መንገዳችን ከኬላው ተነስቶ፣ በወፍጮ ቤቱ አልፎ፣ ቪዲዮ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል።»

ውድነሽ፦ የቱ ኬላ? የቱ ወፍጮ ቤት?

ደግፌ፦ ድሮ የነበሩት ናቸዋ።

ውድነሽ፦ ኬላው ከተነሳ ስንት ዘመኑ። ወፍጮ ቤቱ ጎረምሳ ብረት የሚያነሳበት ጂም ሆኗል፣ ቪዲዮ ቤቱ ባንክ ሆኗል። እኛ ሰፈር ቆሞ ያለ ነገር ማን ይጠራዋል? ስም የሚያገኘው ከፈረሰ በኋላ ነው። ያቺ የቀያሾቹ ኢንጅነር ወረቀትህን ይዛ ስትንከራተት ትዋላ!

ደግፌ፦ ለዚህ እኮ ነው ሽማግሌ ያስፈለገው። ልቀጥል፤ «ቀደም ሲል በክረምት ወራት ጥቂት ጭቃ ይታይበት የነበረ ሲሆን...»

ውድነሽ፦ ጥቂት! የታደለችን ሠርግ ረሳኸው? ሙሽራዋን በወንበር ተሸክመው ሲያሻግሩ ነጭ ጫማዋ ሰምጦ ቀረ። እስከ ዛሬ አልወጣም። ጥቂት ጭቃ አልከኝ?

ደግፌ፦ የመንግሥት ወረቀት ላይ ጫማ አይጻፍም። «...በነዋሪው ተሳትፎ፣ በተለይም በአቶ ደግፌ ወልደሰማያት አስተባባሪነት፣ ጠጠር ፈሶበታል።»

ውድነሽ፦ ወይ ማስተባበር! ሳህሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሬላ ተሸክሞ መዳፉ ሲላጥ አንተ ዣንጥላ ይዘህ «ወደዚህ፣ ወደዚያ» ትል ነበር።

ደግፌ፦ ማስተባበር ማለት ያው እሱ ነው።

ውድነሽ፦ ባሌ ወረቀቱ ላይ የለም?

ደግፌ፦ «በነዋሪው» ሲል አሉበት።

ውድነሽ፦ አንተስ ምነው «ነዋሪው» ጠበበህ?

ደግፌ፦ እሺ፣ እሺ። ይኸው ዳር ላይ ጻፍኩት፤ «አቶ ሳህሌ ጭምር»። ደስ አለዎት? መጨረሻው ደግሞ፣ «ይህ እውነት መሆኑን በፊርማችን እናረጋግጣለን» ይላል። በቃ። እስክሪብቶውን ይያዙ።

ውድነሽ፦ ጀርባውስ?

ደግፌ፦ የምን ጀርባ?

ውድነሽ፦ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ይዘኸው ከኋላ በቀለም ጠቁሮ ይታየኛል። ያን ያህልማ አልታወርኩም።

ደግፌ፦ እሱ የቴክኒክ ነገር ነው፣ ያሰለችዎታል።

ውድነሽ፦ እኔ ቴክኒክ እወዳለሁ። ገልብጠህ አንብብ።

ደግፌ፦ «በቀድሞው ፕላን ላይ... የመንገዱ ጠርዝ ምልክት ተብሎ የተመዘገበው ወይራ... ይገኝ የነበረው... በወይዘሮ ውድነሽ ገብረየስ...»

ውድነሽ፦ ጮክ በል፣ በድምፅህ አትሰስት።

ደግፌ፦ «...ደጃፍ ላይ ነው።»

ውድነሽ፦ የኔ ደጃፍ! መንገድ ተሻግሮ መጣልኝ? እኔ ከመኪናው ብዛት መሻገር ያቃተኝን መንገድ ወይራው በዚያ እርጅናው ተሻገረው? ጎበዝ ነው!

ደግፌ፦ ሀያ ዓመት አልፎታል እኮ፣ እትዬ። በትክክል የሚያስታውስ ማን አለ?

ውድነሽ፦ ታክሲው አለ። እስከ ዛሬ «ወይራው ጋ ወራጅ!» ሲባል የሚቆመው ያንተ ሱቆች በር ላይ ነው።

ደግፌ፦ ታክሲ የትም ይቆማል።

ውድነሽ፦ ወይራው የቆመበት ወገን የመንገድ መሬት ነው፤ እዚያ ላይ የተሠራ ሁሉ ይፈርሳል። ራስህ አይደለህ እንዴ እድር ላይ የነገርከን?

ደግፌ፦ ነኝ።

ውድነሽ፦ እንግዲያው እዚህች ላይ ስፈርም በረንዳዬም፣ ሳሎኔም፣ መኝታ ቤቴም ይሄዳሉ። ጓዳዬና ሽንት ቤቴ ይቀሩልኛል። ምነው አበልጄ፣ ለሽንት ቤቱ ራራህለት?

ደግፌ፦ ምትክ ይሰጥዎታል። ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት ያለው! ብቻዎን ነዎት፣ ልጅ የለዎት፣ ይህ ሁሉ ቤት ምን ያደርግልዎታል?

ውድነሽ፦ ልጅማ አለችኝ። ልጅህን ቤዛዊትን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ወይስ እሷም ጀርባው ላይ ተሰርዛለች?

ደግፌ፦ ለሷ ስል እኮ ነው! ሦስቱ ሱቆች ናቸው ቤታችንን የያዙት። የሷም ኑሮ፣ የኔም መድኃኒት ከነሱ ነው። ነገ ቢፈርሱ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ፈራሁ፣ እትዬ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆነኝ።

ውድነሽ፦ «ፈራሁ» ብለህ ብትመጣ አብሬህ እፈራ ነበር። ተያይዘን ሄደን ምትክ ቦታ እንዲሰጡህ እንለምን ነበር፤ ለዚያ እኔም እፈርም ነበር። አንተ ግን መነጽሬ እስኪሰበር ጠበቅህ። ሳህሌ የሞተው እዚህ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ደግፌ። ዓይኑን የከደንክለት አንተ ነህ። በጣም ነው ያዘንኩብህ።

ደግፌ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ።

ውድነሽ፦ ተው፣ አትውደቅ። በረንዳው አንተ እንደጻፍከው መንገድ ነው፣ መኪና ይገጭሃል።

ደግፌ፦ እንግዲያስ እንታረቅበት። መሀል መንገድ ላይ ነበር ብለን እንጻፈው። እርስዎም አይነኩ፣ እኔም አልነካ።

ውድነሽ፦ መሀል መንገድ! አውቶቡሱ ታዲያ በምን በኩል ያልፍ ነበር፣ በቅርንጫፉ ላይ?

ደግፌ፦ ማን ይጠይቃል? ወይራው የለም። ሥሩም የለም፣ እኔው ራሴ አስነቅዬዋለሁ። የቀረው የርስዎ ቃልና የኔ ቃል ነው። ጋሽ አዱኛ ደግሞ ከኔ ጋር ናቸው።

ውድነሽ፦ አስነቅዬዋለሁ ነው ያልከው? አምስት የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ሙሉ ሲቆፍር ምሳ ያበላኋቸው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ዶማቸው ተሰብሮ «እማማ፣ ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም» ብለውኝ ሄዱ። አንተም በወገብ ልክ አስቆረጥከውና ዙሪያውን ሱቅ ገጠምክበት።

ደግፌ፦ እሱን ያየ የለም።

ውድነሽ፦ አንዱን ሱቅህን ለሉካንዳ ያከራየኸው መኩሪያስ? «እንደኔ ግንድ ያለ በከተማው የለም፤ አጥንት በመጥረቢያ ስቀጠቅጥበት ንቅንቅ አይልም» እያለ ለሰው ሁሉ ይኩራራበታል። ለምን እንደማይነቃነቅ እንኳን አልጠየቀም፣ የዋህ ነው።

ደግፌ፦ የሥጋ መክተፊያ ነው፣ እትዬ! ግንድ የሌለው ሥጋ ቤት የት አለ?

ውድነሽ፦ የትም የለም። የሌሎቹ ግን ወለሉ ሲታጠብ ይነሳል።

ደግፌ፦ ይህን ነገር... ለሰው ተናግረዋል?

ውድነሽ፦ ኢንጅነሯ ጠዋት መጥታ ነበር። «አቶ ደግፌ ወይራው እርስዎ ደጅ ነበር ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

ደግፌ፦ ያውቁ ነበር? ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስነበቡኝ?

ውድነሽ፦ ጀርባውን ራስህ ትገለብጠው እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። እስከ ምሳ ሰዓት ታግሺኝ፣ አበልጄ መጥቶ ይነግረኛል አልኳት። አልነገርከኝም።

ደግፌ፦ አሁንም አልመሸም። እቀደዋለሁ፣ ይኸው! ቆይ... ያቺ ቢጫ ሰደርያ የለበሰችው፣ መኩሪያ ጋ የገባችው... እሷ አይደለችም እንዴ? እዚያ ምን ትሠራለች?

ውድነሽ፦ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሄደሽ ምሳሽን እዚያ ብዪ አልኳታ። «ከማዘዝሽ በፊት ግን ግንዱን በሁለት እጅሽ ግፊው፤ ከተነቃነቀ ነይ፣ እፈርምልሻለሁ» ብያታለሁ።