ስለ ልጄ ስለ ቀዳማዊ ማኑሄ ሞትና ስለ ተነሣው ብሬከር የሰጠሁት ሁለተኛ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወርቅዬ ገብረአምላክ ሻሎ
ዕድሜ፦ 56
የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል
ሥራ፦ የማርና የኮረሪማ ነጋዴ
አድራሻ፦ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ፀሐዬ ደምሴ
ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቃላቸውን በራሳቸው እጅ ለመጻፍ ስለጠየቁ ተፈቅዶላቸው የጻፉት ነው።

ሰኞ ኅዳር 9 ቀን ከቀኑ 5፡40 ሰዓት ላይ ዘነበወርቅ የታመመች ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጎረቤቴ ገበያነሽ ደወለችልኝና «ወርቅዬ፣ ቀዳማዊን ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ልጄ ሐዋሳ ነው፣ የሚመጣውም ነገ ነው አልኳት። «ዛሬ ገብቷል» ብላ ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሣችም። በአየር ጤና በኩል በሁለት ታክሲ መጥቼ ማዞሪያው ላይ ስወርድ የእድራችን ዳኛና ጸሐፊው ፌርማታው ላይ ቆመው አየሁ። ትንሽ ባመመው ሰው የእድር ዳኛ ፌርማታ ወርዶ አይጠብቅም። ሁለቱም መሬት መሬት ያዩ ነበር። ስለዚህ መርዶውን እኔው ጀመርኩት፤ «በስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው። ዳኛው «አምስት ሰዓት ግድም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ማን ደግፎ እንዳደረሰኝ አላስታውስም።

የዚያኑ ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት ፖሊስ ለቅሶው ቤት መጥቶ ሲጠይቀኝ፣ በቤታችን መብራት ላይ የነበረውን የመከላከያ ብሬከር ማን እንዳስነሣው አላውቅም ብዬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል ሐሰት ነው። ያስነሣሁት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ከኅዳር 11 ቀን ጀምሮ ታስሮ ያለው የግቢዬ ተከራይ ደበላ ቶላ ያነሣው እኔ አስገድጄው ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ልጄ ቀዳማዊ ዕድሜው 27 ነበር። ሥራው ለሆቴልና ለመኖሪያ ቤት አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ማዘጋጀት ነው። በእኛም ሳሎን ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ አኳሪየም ሠራ። የባሕር ጨው በውኃ በጥብጦ፣ ሹፌር ወዳጁ ከጅቡቲ ያመጣለትን ድንጋይ ደርድሮ፣ የባሕር ዓሣና አበባ የሚመስሉ ፍጥረቶች ያኖርበታል። ድንጋዩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከውስጡ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የቀንድ አውጣዎቹ ቅርፊት ተሰባብሮ ይገኛል። ቀዳማዊ ሦስት ቀን ሙሉ ባትሪ ይዞ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ከድንጋይ ቀዳዳ ብቅ ስትል አየ። እየጮኸ ጠራኝ። ማንቲስ ሽሪምፕ ይባላል አለኝ። ሳይገዛው ከድንጋዩ ጋር የመጣ ነው። የፊት እጆቹ እንደ መዶሻ ናቸው፤ በእነሱ ነው ቅርፊት የሚሰብረው። ልጄ ስሙን ቡጢ አለው። «እማ፣ ከኮልፌ ጎረምሳ ሁሉ ይኼ ይበልጣል፤ ኪራይ ግን አይከፍልም» ይለኝ ነበር። ባለሙያ ጓደኞቹ አውጥተህ ጣለው፣ ሌላውን ሁሉ ይጨርሰዋል ቢሉት እንቢ አለ። ዓሣዎቹን ለሰው ሰጠና ቤቱን ለቡጢ ተወለት።

በጨው ውኃ አጠገብ ኤሌክትሪክ ክፉ እንደሆነ ልጄ ያውቃል። አኳሪየሙ ውኃ የሚገፋ ሞተርና በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ማሞቂያ አለው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃው ካመለጠ ወዲያው መብራት የሚቆርጥ ብሬከር ገዝቶ ደበላ እንዲገጥመው አደረገ። ደበላ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ከባለቤቱ ከናዝራዊት ጋር በሰርቪስ ቤታችን ከተቀመጠ አራት ዓመቱ ነው። እጅህን ስትነክር እፈራለሁ ስለው ቀዳማዊ «ብሬከሩ እያለ አትፍሪ» ይለኝ ነበር። እኔንም እጅሽን እንዳታስገቢ ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ እንስሳው ጣት ይሰብራል። የማበላው በረጅም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ነው።

ሰኞ ኅዳር 2 ቀን ቀዳማዊ ለአንድ ሆቴል አኳሪየም ሊሠራ ለስምንት ቀን ወደ ሐዋሳ ሄደ። ቡጢን እንዳበላና የአኳሪየሙን ሶኬት በምንም ምክንያት እንዳልነቅል አደራ አለኝ። ሞተሩ ከቆመ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታፈናል ብሎኛል።

በቤቴ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት የእህቶች የጸሎት ኅብረት አለ። አሥራ አምስት እንሆናለን። ቤቱ ስለሚታፈን በርና መስኮት እንከፍታለን። ማክሰኞ ኅዳር 3 ቀን መዝሙር ጨርሰን ጸሎት ስንጀምር መብራት ጠፋ። ብሬከሩን መለስኩት። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠፋ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ፤ ደግሞም ልክ ጸሎት ስንጀምር። የኅብረቱ መሪ እህት የሺእመቤት ዓይኗን ገልጣ አኳሪየሙን አየች። ቡጢ ከቀዳዳው ወጥቶ ያየን ነበር። የዚህ እንስሳ ዓይኖች ሁለቱ ለየብቻ ይዞራሉ።

«እህት ወርቅዬ፣ ይኼ የጠላት አሠራር ነው» አለች። «አንዱ ዓይኑ አንቺን ያያል፣ አንዱ እኔን። እንዲህ ያለውን ጌታ በስንተኛው ቀን ነው የፈጠረው?»

«በአምስተኛው፤ ከዓሣዎቹ ጋር» አልኳት።

እህቶች ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እኛ ስንጸልይ ነው የሚያጠፋው። እስከ ቅዳሜ ካልወጣ ኅብረቱ ሌላ ቤት ይሄዳል። የልጅሽንም ነገር ለሽማግሌዎች አቀርባለሁ» አለች። ቀዳማዊ በቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ይጫወታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሥራው ውጪ ሌላ ጓደኛም ሌላ መዋያም የለውም። ጋኔን ያረባል ተብሎ በሽማግሌ ፊት ቢቆም ተመልሶ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ልጄ ኩሩ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ተጨማሪ ጸሎት እንዲደረግ ጠየቅሁና፣ መብራቱ ካልጠፋ ዳግመኛ የልጄ ስም እንዳይነሣ አስማማኋቸው።

ዓርብ ኅዳር 6 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ደበላን ወደ ሥራ ሳይወጣ ጠራሁትና ብሬከሩ እንዲነሣልኝ ነገርኩት።

«እማማ፣ ይኼ ነገር ዝም ብሎ አይጥልም። የሆነ ቦታ ሊኬጅ አለ» አለኝ።

«አንተም እንደነሱ ልትሆን ነው?»

«እኔ ኧረ ጋኔን አላልኩም! ኤሌክትሪክ እያመለጠ ነው ነው የምልዎት» አለና ሳቀ።

ፍሪጁን፣ ምድጃውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ማሞቂያ አንድ በአንድ እየነቀለ ሞከረ። ምንም አላገኘም። ወደ አኳሪየሙ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኩት። ቀዳማዊ ሶኬቱ እንዳይነቀል ብሏል አልኩት። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ እማማ» አለኝ፤ አልፈቀድኩም። አደራ መጠበቄ ነበር። «እንግዲያው ልደውልለት» ሲለኝ እሱንም ከለከልኩት፤ ደውሎ ቢነግረው ቀዳማዊ የእህቶችን ወሬ ሰምቶ ያዝናል ብዬ ነው። በመጨረሻም ቤቱ የማን ነው ብዬ ተቆጣሁት። ይህን ያልኩት ተከራይ መልስ እንደማይሰጥበት እያወቅሁ ነው። ደበላ «እሺ። ሰኞ ማታ ግን መልሼ እገጥመዋለሁ፤ እስከዚያ ማንም ውኃውን እንዳይነካ» አለኝ። ብሬከሩን አነሣና ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው። ብሬከሩን በእጄ ሰጠኝ፤ ብፌው ውስጥ አስቀመጥኩት። ኅዳር 9 ቀን ፖሊስ ያገኘውም እዚያው ነው።

ቅዳሜ ጸሎቱ ተደረገ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ መብራቱ ብልጭ እንኳ አላለም። እህት የሺእመቤት ስትወጣ አቅፋኝ «ጌታ ሰምቶናል» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

እሑድ ኅዳር 8 ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዳማዊ ደወለ። ቡጢ እንዴት ነው አለኝ። አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ ቀዳዳውን ስለዘጋበት ከትናንት ጀምሮ አልወጣም፣ አልበላምም አልኩት። «መብራትስ?» አለኝ። «ሰላም ነው» አልኩት። ድንጋዩን ነገርኩት፤ ብሬከሩን አልነገርኩትም። ማክሰኞ ከመምጣቱ በፊት ይገጠማል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። «እማ፣ ልጁ በረሃብ እንዳያልቅ» ብሎ ቀለደና ዘጋ።

ለእንስሳው ብሎ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሰኞ ንጋት ተነሣ። እንደሚመጣ አልነገረኝም። ቤት ሲደርስ እኔ ወጥቼ ነበር፤ ደበላም ሥራ ላይ ነበር። ናዝራዊት እንደነገረችኝ ግቢ ሲገባ ሰላም ብሏት፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ወዲያው የሚወድቅ ነገር ሰማች። ስትገባ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ርሶ፣ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ አገኘችው። ከቆጣሪው መብራቱን አጥፍታ ጮኸች። ሻንጣው አልተከፈተም ነበር። ድንጋዩ ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ ጎን ተቀምጦ አይቻለሁ።

ፖሊስ ያመጣው ባለሙያ የማሞቂያው መስታወት ተመትቶ መሰንጠቁን አሳየኝ። ስንጥቁ ከቡጢ ምት የመጣ ነው ብሏል። ማሞቂያው የሚሠራው ውኃው ሲቀዘቅዝ ብቻ እንደሆነም አስረዳኝ። እኛ ለጸሎት በርና መስኮት ስንከፍት ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያው መሥራት ይጀምራል፤ ብሬከሩም ይቆርጣል። ንጋት ላይም አንዳንድ ቀን መብራት ጠፍቶ አገኝ ነበር፤ የሰፈሩ ሁሉ መብራት የጠፋ እየመሰለኝ አልጠየቅሁም። እንግዲህ ያ ብሬከር እስኪነሣ ድረስ ሲነግረን የነበረው ይህን ነው።

ደበላ በምርመራ ጊዜ ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ ነው ያነሣሁት ማለቱን የሰማሁት ከናዝራዊት ነው። ኅዳር 18 ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲቀል አጠገቤ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ውኃ የምታዞረው፣ ሰሐን የምታጥበው እሷ ናት። «እማማ፣ ደበላ እኮ ሳይጠየቅ የሰው ሚስማር አይነቅልም። ስንቅ ሳደርስለት ለምን አነሣኸው ስለው ፊቱን ያዞርብኛል። እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ተነሥታ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። ደበላ የዋሸው ልጇን የቀበረች ሴት ፖሊስ ጣቢያ እንዳትጎተት ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን የዋሸሁት ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው።

ስለዚህ ደበላ ቶላ አደጋ እንዳለ አስጠንቅቆኝ፣ እንዲመረመር ለምኖኝ፣ ለልጄም ሊደውል ብሎ የከለከልኩት እኔ መሆኔ ይመዝገብልኝ። እንዲፈታ እለምናለሁ። በእኔ ላይ ሕጉ የሚለውን እቀበላለሁ። እህት የሺእመቤትንም አልከስም፤ የመሰላትን ተናገረች። ነገር ግን በልጄ ቤት ጋኔን ነበረ የሚል ቃል በዚህ መዝገብ ውስጥ ካለ እውነት አይደለም። እንስሳው ተፈጥሮው መምታት ነው፤ ያደረገውም እሱኑ ነው። አፍስሺው፣ አቃጥዪው ያሉኝ ነበሩ። ለልጄ የሥራ ጓደኛ ሰጠሁት።

ከላይ የጻፍኩት ማንም ሳያስፈራራኝና ሳያባብለኝ፣ ያየሁትን፣ ያደረግሁትንና ከሌላ የሰማሁትን ለይቼ ነው። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዋና ሳጅን ፀሐዬ ጮክ ብለው አንብበውልኛል፤ ቃሌ ነው። ኅዳር 9 ቀን የሰጠሁት ቃል ከዚህ ጋር በማይስማማበት ሁሉ ይሻርልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ ጸሎት ለቀሩት ነው ይባላል። እኔም ሠላሳ ዓመት በየለቅሶው ቤት እንዲህ እያልኩ ሰው አጽናንቻለሁ። ይህን ወረቀት ግን መርማሪ ያነበዋል፣ ዐቃቤ ሕግ ያነበዋል፣ ዳኛ ያነበዋል። ከእናንተ መካከል ለሞተ መጸለይ የተፈቀደለት ሰው ካለ፣ የልጄ ስም ቀዳማዊ ነው። የአባቱ ስም ማኑሄ። እባካችሁ ጸልዩለት።

የምስክሯ ፊርማ፦ ወርቅዬ ገብረአምላክ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ፀሐዬ ደምሴ