አራቱ አንቴናዎችና የእትዬ ዘነቡ «ገባ»

ክቡራትና ክቡራን፣ የማዕከላችን ኃላፊ ዶክተር ኤዶም፣ የላብራቶሪው ልጆች፤ ለጡረታ መሸኛዬ ለደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውንም ወድጄዋለሁ። የተዛወርኩበት ኮንዶሚኒየም ነፋሱ አያድርስ ነው፤ ማን እንደነገራችሁ እንጃ።

አጭር ንግግር አድርግ ተብያለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሌክቸር ሲሰጥ የኖረ ሰው አጭር ንግግር ከየት ያመጣል? እስቲ እሞክራለሁ።

የፋይናንስ ሰዎች ጣራችን ላይ ያሉትን አንቴናዎች እያያችሁ «ለምን አራት? አንድ አይበቃም?» ስትሉን ኖራችኋል። ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳችሁ። አራቱ በአንድ ጊዜ አራት የተለያየ ነገር ያወራሉ። ባለአራት አንቴናው መቀበያ እንዴት ይለያቸዋል? በግድግዳው ነዋ! አንዱ ከቆርቆሮ ጣራ ነጥሮ ይመጣል፣ ሌላው ከአሮጌ ፎቅ፣ ሌላው ከጎረቤት አጥር። በየራሳቸው መንገድ ስለሚመጡ አይምታቱም። የተጨናነቀ ሰፈር ለእኛ ሀብት ነበር።

መቀበያችን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ እትዬ ዘነቡ በረንዳ ላይ ነበር። ጎረቤቴ ናቸው፤ ነበሩ ልበል እንጂ። ጠዋት ለሙከራ አንድ ቃል እንልካለን። ቃሉ መቀበያው ላይ ሲወጣ እሳቸው ይደውላሉ። «ዶክተር፣ ገባ!» ብለው ይዘጋሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ኮምፒዩተሩ ራሱ ይነግረን ነበር እኮ! ግን ማን ደፍሮ «አይደውሉ» ይበላቸው? እኔም ድምፃቸውን ሳልሰማ ሥራ የጀመርኩ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ ተነሣ። እትዬ ዘነቡ ከከተማው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ቤት ደረሰን። መቀበያውን እዚያው ባዶው ቦታ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። እምሩ፣ ያኔ ተማሪዬ ነበርክ፣ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ጋሼ፣ የሚከልለን ነገር የለም! አሁን በዳታ እንንበሸበሻለን!» እኔም አምኜህ ማኪያቶ ጋበዝኩህ።

ለካስ ሲግናሉ ጠነከረ፣ ዳታው ግን ወረደ። የሚያነጥር ግድግዳ ስለጠፋ አራቱም በአንድ መንገድ መጡ፤ መቀበያው የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። አራት አንቴና ይዘን እንደ አንድ ሆንን። ይህንኑ ክፍል ውስጥ ስናስተምር የኖርነው እኮ እኛው ነን! ማኪያቶዬንም አልመለስክልኝም።

እኔም ቤቴ እንደዚያው ነኝ። ከመስኮቴ ሰማዩ እስከ ጥግ ድረስ ይታየኛል፣ የሚከልለኝ የለም። በሬን የሚያንኳኳም የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብቸኝነቱ ከብዶኛል። እስከ ዛሬ «ሥራ አለኝ» ብዬ ምኒልክ አደባባይ እወርድ ነበር። ከነገ ጀምሮ ፒያሳ ምን አለኝ ብዬ ልምጣ?

በቀደም ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነቡ!

«ዶክተር፣ ዛሬ አልላካችሁም እንዴ?»

መቀበያው ከበረንዳቸው ከተነሣ ስንት ጊዜው! እሳቸውም አሳምረው ያውቃሉ። እንባዬ መጣ። «ልከናል» አልኳቸው። «እንግዲያው ገባ» ብለው ዘጉት።

እምሩ፣ ላብራቶሪው ከእንግዲህ ያንተ ነው። ለልጆቹ ስታስተምር ያችን ነገር አትዝለላት፤ ማንኛውም የመልእክት መንገድ የሚሸከመው ልክ አለው። ከልኩ በላይ ከጫንክበት የትኛውም የስህተት ማረሚያ ኮድ አያድንህም። ከልኩ በታች ከሆንክ ግን፣ ያ ሁሉ ጫጫታ እያለ እንኳ መልእክቱን ማድረስ ይቻላል።

ፈጣሪ ጤናውን ይስጣችሁ፣ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ከሁሉም ከሁሉም ጎረቤት አያሳጣችሁ።

ከእናንተ ረጅም ወሬ አልጠይቅም። ጠዋት ጠዋት አንዳችሁ ደውሉና አንድ ቃል በሉኝ። አንድ ቃል ከየትኛውም ልክ በታች ነው። እኔም «ገባ» እላችኋለሁ።